ምሳሌ ያደረግነው ሰው ሲያነብ

ከዳንግላ ተነሥቶ በእንጅባራና በቡሬ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ማንኩሳን ያልፋል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ ብዙ ተጽፎበታል፤ የተጻፈው ግን በአብዛኛው ስለ ባላባቱ ሥርዐትና ስለ ፍቅሩ ነው። እኔ በስለቱ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ።

የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው በሕይወት እንዲኖርላቸው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ተስለው ሰጥተውታል። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ያ ስለት ይጠልፈዋል። እኛ ወንጌላውያን እዚህ ስንደርስ ፍርዳችን የተዘጋጀ ነው፤ ኅዳጉ ላይ «መሳፍንት 11» ብለን ጽፈን እናልፋለን። ሀዲስ ግን አይቸኩሉም። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ያለፉ ሰው ስለሆኑ ስለት ለተሳለው ወላጅ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። በልጁ ላይ የጫነውን ቀንበር አይሸፍኑም፤ ወላጆቹን ግን የሞኝነት መማሪያ አያደርጓቸውም። ልጇን የተሳለች የማንኩሳ ሴት ይህ ታሪክ ቢነበብላት ታለቅስ ይሆናል እንጂ የምታፍር አይመስለኝም።

ተነቦላቸውም ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ሲተርከው፣ መጽሐፉ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቤት ገባ። አንባቢ የሰለቸውን ገጽ ይዘላል፤ አድማጭ ግን የመጣውን ሁሉ ይሰማል። (እኔ በበኩሌ ከጉዱ ካሳ ረጃጅም ንግግሮች አንዳንዶቹን ስዘል ኖሬአለሁ። እዚያ ላይ ሀዲስ አንባቢያቸውን ማመን ትተው ማስተማር ይጀምራሉ።)

ይህን ልዩነት ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለደቀ መዝሙርነት ትምህርት የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ስለት በሚናገረው ምዕራፍ «አንዲት የዳንግላ እናት» የሚል ምሳሌ አገባሁ። ልጇ ሲታመም ለደብሩ ጥላ ተሳለች፤ ልጁ ግን ሞተ፤ ስለዚህ ስለት ከንቱ ነው። በቃ፣ አራት መስመር። ታሪኩን የነገሩኝ እናቲቱ ራሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ከምእመኖቻችን አንዷ ናቸው። ስማቸውን ስላልጠቀስኩ ምሥጢራቸውን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

መጽሐፉን የልጅ ልጃቸው በአማርኛ እያነበበች በአዊኛ ታስረዳቸው ነበር። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ የጻፍከው ስለ እኔ ስለት ነው። ያን ሌሊት ግን ቤቴ አልነበርክም» አሉኝ። አልተቆጡም። የምመልሰው አልነበረኝም።

ትምህርቱ ስሕተት ነበር አልልም፤ ዛሬም አስተምረዋለሁ። ነገር ግን ያንን ምዕራፍ ስጽፍ በዓይኔ የነበሩት ክርክሩን የሚመረምሩልኝ መምህሮቼ ናቸው። እማማን የማውቃቸው በምሳሌነታቸው ብቻ ነበር፤ አንባቢዬ ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም። ሀዲስ ለፈጠሯቸው ሰዎች ያሳዩትን ጥንቃቄ እኔ ቤቷ ቡና ለጠጣሁላት ሴት ነፈግኋት።

ከዚያ ወዲህ የፊልሞናን መልእክት በሌላ ዓይን ነው የማነበው። ጉዳዩ የግል ቢመስልም ጳውሎስ የጻፈው በፊልሞና ቤት ላለችው ቤተ ክርስቲያንም ጭምር ነው፤ ስለዚህ በጉባኤ ይሰማል። ከቆላስይስ 4፥9 እንደምንረዳው ደግሞ አናሲሞስ ከቲኪቆስ ጋር ወደዚያው ተልኳል። ስለ እርሱ የተጻፈው ሲነበብ አናሲሞስ እዚያው ቆሞ ይሰማ ነበር ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ይህን ይዘው ከቁጥር 10 እስከ 18 ያለውን እንደገና ያንብቡት። ጳውሎስ ከበደሉ አስቀድሞ ልጅነቱን ያነሣል። በስሙ ትርጉም ይጫወታል፤ ጨዋታው ግን ጉባኤውን ፈገግ የሚያሰኝ እንጂ ሰውየውን አንገት የሚያስደፋ አይደለም። ወደ በደሉ ሲደርስም አይዘረዝርም፤ ዕዳ ቢኖር በራሱ ላይ እንዲቆጠር ይጠይቃል። ይህን የጻፈው ሐዋርያ ለእውነት የላላ ሰው አልነበረም፤ የገላትያን መልእክት የጻፈው እርሱ ነው።

እርስዎስ፣ ባለፈው እሑድ በስብከትዎ ያነሡት «አንድ ወንድም» የት ተቀምጦ ነበር? ስም ካልጠራን በቂ ጥንቃቄ ያደረግን ይመስለናል። አዲስ አበባ ላይ ምናልባት ይሠራ ይሆናል። ዳንግላን በሚያክል ከተማ ግን ባለታሪኩ ማን እንደሆነ ከምሳ በፊት ይታወቃል። በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ከመድረክ የተነገረው ይረሳ ይሆናል፣ የታተመው ግን በየሳጥኑ ይቀመጣል።

መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ሲል ምሳሌውን ላወጣው አስቤ ወደ እማማ ቤት ሄድኩ። ይህን ሁሉ የምጽፈውም በፈቃዳቸው ነው። ቡናውን እየቀዱ ጥቂት ዝም አሉና፣ «አታውጣው» አሉኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ታቅፌው እንደነበር ጨምርበት። ዕድሜውንም ጻፍ።»

ስንት እንደነበር ጠየቅኋቸው። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ።