ሁለት ፕሮሰሰሮችን የማወዳደር ሙያ

ፕሮሰሰርን ከፕሮሰሰር ማወዳደር በካርቶኑ ላይ የታተሙትን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ከፍ ያለውን መምረጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙያተኛ የማያስፈልገው ቀላል ሥራ በሆነ ነበር። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 በ449 ዶላር ለገበያ ያቀረበው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ እና ኢንቴል በዚያው ዓመት በኦክቶበር በ409 ዶላር ያወጣው ኮር አይ7 14700ኬ ይህ አካሄድ የቱ ላይ እንደሚያሳስት በግልጽ ያሳያሉ። የኤኤምዲው 8 ኮሮች፣ ማለትም ትእዛዝን ራሳቸውን ችለው የሚፈጽሙ 8 የስሌት ክፍሎች ሲኖሩት፣ ክሎክ ስፒዱ፣ ማለትም አንድ ኮር በሰከንድ የሚያጠናቅቀው የዑደት ብዛት፣ ቢበዛ 5 ጊጋኸርዝ ነው፤ የኢንቴሉ ደግሞ 20 ኮሮች ይዞ እስከ 5.6 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፣ ሲወጣ በነበረው ዋጋም በ40 ዶላር ይረክስ ነበር። በእነዚህ ነጥቦች ብቻ የሚፈርድ ሰው የኢንቴሉን ሳያመነታ ይመርጣል፤ ሁለቱ በጌም ሲፈተኑ ግን በአማካይ የሚቀድመው የኤኤምዲው ነው፣ ቪዲዮ በማቀናበርና ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል በማስላት ሲፈተኑ ደግሞ ውጤቱ ይገለበጣል።

የዚህ ልዩነት መነሻ ካሽ የሚባለው፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚገኝ፣ መጠኑ ትንሽ ፍጥነቱ ግን እጅግ ከፍተኛ የሆነ የመረጃ ማቆያ ነው። ኮሩ የሚፈልገው መረጃ ካሽ ውስጥ ከተገኘ ሥራው ብዙም ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ካልተገኘ ግን ከፕሮሰሰሩ ውጪ ከተሰካው ራም መምጣት ስላለበት ኮሩ ለመጠበቅ ይገደዳል። ይህ ጥበቃ 70 ናኖሴኮንድ ቢፈጅ፣ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ኮር በአንድ ናኖሴኮንድ ውስጥ 5 ዑደት ስለሚያጠናቅቅ፣ 350 ያህል ዑደቶች ሊባክኑ ይችላሉ ማለት ነው። ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች መረጃው እስኪደርስ ሌሎች ትእዛዞችን በማስቀደም ከዚህ ብክነት የተወሰነውን ያካክሳሉ፤ ጌም ግን ለእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ለሚታየው እያንዳንዱ ነጠላ ምስል፣ በራም ውስጥ ተበታትነው የሚገኙ ብዙ ነገሮችን በየተራ የሚጠይቅና ተጫዋቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አቅጣጫውን የሚቀይር ፕሮግራም በመሆኑ፣ ቀጥሎ የሚፈለገውን መረጃ አስቀድሞ መገመት ያስቸግራል።

ኮር አይ7 14700ኬ ኮሮቹ ሁሉ የሚጋሩት 33 ሜጋባይት የሦስተኛ ደረጃ ካሽ ሲኖረው፣ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት አለው። ከዚህ ውስጥ 32 ሜጋባይቱ ከኮሮቹ ጋር በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ቀሪው 64 ሜጋባይት በዚያ ቺፕ ላይ በተደረበ ሌላ ስስ ሲሊከን ላይ ይገኛል። መደረቡ ያለ ዋጋ የመጣ አይደለም፤ ከላይ የተቀመጠው ንብርብር ሙቀት በቀላሉ እንዳይወጣ ስለሚያግድ አምራቹ የሙቀቱን ጣሪያ በ89 ዲግሪ ሴልሺየስ ለመወሰንና ክሎክ ስፒዱንም ዝቅ ለማድረግ ተገድዷል። ለሙያው ትልቁን ትምህርት የሚሰጠውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ራይዘን 7 7700ኤክስ ያንኑ ዓይነት 8 ኮሮች ይዞ እስከ 5.4 ጊጋኸርዝ እየደረሰ ካሹ 32 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ በአብዛኞቹ ጌሞች ወደ ኋላ ይቀራል። የኮሮቹ ዓይነትና ብዛት አንድ ሆኖ ክሎክ ስፒዱ ያነሰው ሲያሸንፍ፣ ውጤቱ ከካሹ እንጂ ከሌላ ከየትም እንዳልመጣ ያለ ጥርጥር ይታወቃል፤ ከልዩ ልዩ ኩባንያዎች የወጡ ፕሮሰሰሮችን ብቻ የሚያወዳድር ሰው ይህን ዓይነት ንጹሕ ማስረጃ አያገኝም።

የካሹ ጥቅም ግን በሁሉም ጌም ላይ እኩል አይደለም። እንደ ፋክቶሪዮ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን በአንድ ጊዜ የሚያሰሉ፣ እንደ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርና አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ ያሉ በረራንና የመኪና ውድድርን በጥልቀት የሚያስመስሉ ጌሞች ከካሹ ብዙ ይጠቀማሉ፤ በሌሎች ዘንድ ልዩነቱ ጠባብ ነው፣ በአንዳንዶቹም የኢንቴሉ እኩል ይሄዳል ወይም ይቀድማል። ከዚህም በላይ ወሳኙ ጉዳይ የፍሬሙን ፍጥነት የሚገድበው ፕሮሰሰሩ ነው ወይስ ግራፊክስ ካርዱ የሚለው ጥያቄ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚያሳይ ስክሪን ለእያንዳንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሴኮንድ ሲሰጥ፣ 240 ፍሬም የሚያሳየው የሚሰጠው 4.2 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው፤ የፕሮሰሰሮች ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በዚህ በኋለኛው ጠባብ ጊዜ ውስጥ ነው። የስክሪኑ ሪዞሉሽን፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራበት የነጥብ ብዛት፣ ወደ 4ኬ ከፍ ሲል ሥዕሉን የሚስለው ግራፊክስ ካርድ ስለሚጨናነቅና ፕሮሰሰሩ እርሱን መጠበቅ ስለሚጀምር፣ በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ፈታኞች ፕሮሰሰርን ዝቅ ባለ ሪዞሉሽንና እንደ አርቲኤክስ 4090 ባለ ኃይለኛ ካርድ የሚለኩት ተጠቃሚው እንደዚያ ይጫወታል ብለው ሳይሆን፣ የካርዱን ገደብ አንሥተው የፕሮሰሰሩን አቅም ለብቻው ለማየት ነው። ይህን ሳያስረዱ ውጤቱን ብቻ ማሳተም ግን አንባቢው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ፈጽሞ የማያየውን ልዩነት እንዲገዛ ያደርገዋልና ነውር ነው ቢባል አይበዛበትም።

አማካይ የፍሬም ብዛት ብቻውን የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ጌሙ በአማካይ 150 ፍሬም እያሳየ በየመሀሉ የሚደናቀፍ ከሆነ ለተጫዋቹ የሚሰማው ድንቅፋቱ ስለሆነ፣ ጠንቃቃ ፈታኝ የዝቅተኛውን 1 በመቶ፣ ማለትም ከሁሉ የዘገዩትን ፍሬሞች ፍጥነት ለይቶ ይመዘግባል፤ ተጨማሪውን ካሽ ከሚያስመሰግኑት ነገሮች አንዱም እነዚህን የዘገዩ ፍሬሞች ማፋጠኑ ነው። ፈተናው በሁለቱም ላይ በአንድ ዓይነት ግራፊክስ ካርድ፣ በአንድ ዓይነት የዊንዶውስ ቅጂና በጌሙ አንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ መካሄድ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ የማዘርቦርዱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ሚና ነው፤ ለኮር አይ7 14700ኬ ኢንቴል ያስቀመጠው ከፍተኛ የኃይል መጠን 253 ዋት ሲሆን፣ ብዙ ማዘርቦርዶች ግን ከፋብሪካ ሲወጡ ይህን ገደብ አንሥተው ይመጡ ስለነበር፣ ያው አንዱ ፕሮሰሰር በተለያዩ ሰሌዳዎች ላይ የተለያየ ፍጥነትና የተለያየ ሙቀት ያሳይ ነበር። የኃይል ገደቡ ያልተጠቀሰበት የፈተና ውጤት ስለዚህ ፕሮሰሰር ምንም አይመሰክርም።

ብዙ ሥራን በአንድ ጊዜ ወደ ማከናወን ሲመጣ የኢንቴሉ ብልጫ የማያከራክር ይሆናል። ከ20ዎቹ ኮሮች 8ቱ ለከባድ ሥራ የተዘጋጁና እያንዳንዳቸው ሁለት ትሬድ፣ ማለትም ሁለት የትእዛዝ ሰልፎች ጎን ለጎን የሚያስኬዱ ሲሆኑ፣ 12ቱ አነስ ያሉ፣ ኃይል ቆጣቢና አንድ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያስኬዱ ናቸው፤ ድምሩ 28 ትሬድ ይሆናል፣ የራይዘኑ ደግሞ 16 ነው። ኮሮችን ሁሉ በሚያሠራ የምስል ስሌት ላይ የኢንቴሉ ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። አብሮት ያለው የግራፊክስ ክፍልም ክዊክ ሲንክ በሚባለው ልዩ አሠራሩ ቪዲዮን ለመፍታትና ለማመቅ ስለሚያግዝ፣ ሠርግና ዘጋቢ ፊልም ለሚያቀናብር ባለሙያ ይህ ከኮር ብዛት የማይተናነስ ጥቅም ነው።

ሆኖም ብዙ ሰው ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ እሠራለሁ ሲል የሚገልጸው ነገር ሌላ ነው፤ ጌም ከፍቶ፣ ከጎኑ ሙዚቃና በርካታ የብራውዘር ገጾችን ክፍት ትቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር በድምፅ መነጋገር ማለቱ ነው። ክፍት ሆነው የማይሠራባቸው ገጾች የሚይዙት ራምን እንጂ የኮርን ጊዜ ስላልሆነ፣ እንዲህ ላለው ተጠቃሚ 8 ኮር ተርፎት፣ ራሙ 16 ጊጋባይት ከሆነ የሚያጥረው እርሱ ሊሆን ይችላል። ጨዋታውን በቀጥታ ለሚያሠራጭም ቢሆን የምስል ማመቁን ግራፊክስ ካርዱ ውስጥ ያለው ክፍል ስለሚሠራው፣ ብዙ ኮር የግድ የነበረበት ጊዜ አልፏል። አማካሪው ገዢውን ስንት ፕሮግራም እንደሚከፍት ሳይሆን፣ ሥራውን አዝዞ ኮምፒውተሩ እስኪጨርስ ተቀምጦ የሚጠብቀው የትኛውን ሥራ እንደሆነ ሊጠይቀው ይገባል።

ዋጋን በተመለከተ ሁለቱ ሲወጡ የነበራቸው የ40 ዶላር ልዩነት ብዙ ርቀት አይሄድም። ሁለቱም ማቀዝቀዣ ሳይጨመርላቸው ይሸጣሉ፤ ነገር ግን የራይዘኑ በጌም ላይ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዋት በታች ስለሚወስድ መጠነኛ የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃዋል፣ የኢንቴሉን በሙሉ ኃይሉ ለማሠራት ግን ውድ ማቀዝቀዣና ጠንካራ የኃይል ማከፋፈያ ያለው ማዘርቦርድ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል የኢንቴሉ ዲዲአር4 የተባለውን የቀድሞ ትውልድ ራም ስለሚቀበል፣ ያ ራም በእጁ ላለ ሰው ወጪ ይቀንሳል፤ የራይዘኑ የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። የወደፊቱን ለሚያስብ ደግሞ የፕሮሰሰር መሰኪያው ይመዝናል፦ የኢንቴሉ ኤልጂኤ1700 የተባለው መሰኪያ እ.ኤ.አ. በ2024 በሌላ ተተክቷል፣ በኤኤምዲው ኤኤም5 ላይ ግን በዚያው ዓመት በኖቬምበር የወጣውና ተደራቢውን ካሽ ከኮሮቹ ሥር ያደረገው 9800ኤክስ3ዲ ያለ አዲስ ማዘርቦርድ ይገጠማል።

አስተማማኝነትም ከሒሳቡ ሊወጣ አይችልም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ከመጠን ባለፈ ቮልቴጅ ሳቢያ የሚደርስ ጉዳት መኖሩን አምኖ፣ በማዘርቦርዱ ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በሚያስነሣው ፕሮግራም፣ አማካይነት የሚጫን ማስተካከያ አውጥቷል፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል፤ ማስተካከያው ተጨማሪ ጉዳትን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። በ2023 ደግሞ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ከፍ ባለ ቮልቴጅ የተቃጠሉ የ7000 ተከታታይ ራይዘን ፕሮሰሰሮች በመታየታቸው ኤኤምዲ ለአንዱ የፕሮሰሰሩ ክፍል የሚሰጠውን ቮልቴጅ በ1.3 ቮልት እንዲወሰን አድርጓል። ስለዚህ ከሁለቱ የትኛውንም የገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ባዮሱን ማደስ አለበት። ይህ በተለይ ፕሮሰሰሩን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ እጅ አስመጥቶ አዲስ አበባ ላይ ለሚገጥም ሰው ይበልጥ ይመለከተዋል፤ ዕቃው ቢበላሽ ወደ ሻጩ መልሶ ማስለወጥ ረጅም መንገድና ብዙ ወጪ ያለው ነገር ነውና።

በእነዚህ ሁሉ ሚዛኖች ሲታይ፣ ከፍተኛ የፍሬም ፍጥነት የሚያሳይ ስክሪንና ለዚያ የሚመጥን ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ዋና ዓላማውም ጌም የሆነ ሰው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲን ይግዛ፤ በኮምፒውተሩ ቪዲዮ እያቀናበረ፣ ምስል እያሰላ ወይም ትልልቅ ፕሮግራሞችን እየገነባ እንጀራውን የሚያገኝና ጌምን በትርፍ ጊዜው የሚጫወት ደግሞ ኮር አይ7 14700ኬን፣ ባዮሱን አድሶና የኃይል ገደቡን በ253 ዋት አጽንቶ ይያዝ። ባለ 60 ፍሬም ስክሪንና መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ያለው ተጫዋች ግን ከሁለቱም አንዱን መግዛት የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ከነማቀዝቀዣው በ229 ዶላር የወጣው ባለ 6 ኮሩ ራይዘን 5 7600 ይበቃዋል፣ የተረፈውን ገንዘብም ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያውለው።