ቀጥ ያለው ብረት

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የቤት ዕቃ ሥራ የሚጀምር ወጣት፣ ባለጠረጴዛ መጋዝ ሲገዛ ቀድሞ የሚጠይቀው የሞተሩን ጉልበት ነው። እኔ ግን የማደንቀው እንጨቱ ተደግፎት የሚሄደውን ቀጥ ያለ ብረት ነው። ብረቱ ከሚቆርጠው ዲስክ ፊትም ኋላም እኩል ርቆ ከቆመ፣ በማሳ መሀል ጥላ ሆኖ የኖረው ዋንዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስፋት ይዞ ይወጣል፤ ቡናማው ልቡ ከነጣው ዳሩ በቀጭን መስመር ሲለይ ዓይን ያጠግባል። የኋላው ርቀት ከጠበበ ግን ዲስኩ ጣውላውን ነክሶ ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ብሩን ከመቁጠርህ በፊት ሜትርህን አውጣና ከዲስኩ እስከ ብረቱ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጫፍ ለካ። ከመብራት መስመርህ ጋር እንዲስማማ፣ ሞተሩ ባለሦስት ፌዝ መሆን አለመሆኑንም እግረ መንገድህን ጠይቅ። ለቁመት መሰንጠቂያ ባለ 24 ጥርስ ዲስክ ይበቃሃል።