የትንሽ ከተማ አስተዳደር ዜና ለማን ይጻፋል?
(ጨፋ ሮቢትን መነሻ ያደረገ ሒስ)

መግቢያ

የአገራችን ትንንሽ ከተሞች አስተዳደር ለነዋሪው የሚያሰማው ዜናና ማስታወቂያ እንደ ጽሑፍ ተቆጥሮ ሲመረመር ብዙ አይታይም። ልቦለድ ሲታተም ሒስ ይጻፍበታል፤ ግጥም ሲወጣ ክርክር ይነሣበታል። በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ግን ከልቦለዱ ይልቅ የብዙ ሰው ኑሮ የሚነካ ሆኖ ሳለ እስካሁን መርማሪ አላገኘም። ይህ አጭር ጽሑፍ ጨፋ ሮቢትን መነሻ በማድረግ ይህንኑ ዓይነት ጽሑፍ ለመመዘን ይሞክራል። ዓላማው የአንድን መሥሪያ ቤት ወይም የአንድን ሹም ስም ለማጉደፍ ሳይሆን በየከተማው ሥር የሰደደውን የአጻጻፍ ልማድ ለመመርመር ነው። የምንደርስበትንም አሳብ ከወዲሁ ለመግለጽ፣ የዚህ ዜና ዋና ጉድለት የቃላት አለማማር ወይም የወረቀት ማነስ አይደለም። ጉድለቱ አድራሻውን መሳቱ ነው፤ ለነዋሪው መጻፍ ሲገባው የሚጻፈው ለበላይ አካል ነው።

ስለ ቦታው

ጨፋ ሮቢት በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ፣ ከአስተዳደሩ ዋና ከተማ ከከሚሴ በስተደቡብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። አካባቢዋ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ነው። ሜዳው በበጋም ሣርና ውሃ ስለማያጣ፣ ድርቅ ሲጸና የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ ይወርዱበታል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የብሔረሰብ አስተዳደሩ ሕዝብ 457 ሺሕ ያህል ነበር፤ የሚበዛው ኦሮሞ ሲሆን አማራውና ሌላውም አብሮ ይኖራል።

ይህን የምንጠቅሰው ለጌጥ አይደለም፤ ለጉዳያችን መሠረት ስለሆነ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የክልሉም ሕግ በአማርኛ በ«ዝክረ ሕግ» ጋዜጣ ይወጣል። በብሔረሰብ አስተዳደሩ ግን የኦሮሞ ቋንቋ የሥራና የትምህርት ቋንቋ ሆኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ ከባሕር ዳር የተነሣ አንድ ደንብ ከሚሴን አልፎ ጨፋ ሮቢት እስኪደርስ ድረስ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ፣ ከፊደል ወደ ፊደል ይሻገራል። በመጨረሻም የሚጠብቀው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ፊደል የማያውቁ እናት፣ በቁቤ የተማረ ወጣት፣ በአማርኛ የሚጽፍ ነጋዴ፣ ለሁለት ወር ብቻ በሜዳው የሰፈረ አርቢ ሁሉም ይጠብቁታል። እንዲህ ላለ ሕዝብ የሚጻፍ ዜና ከሌላው ቦታ ይልቅ ግልጽ መሆን እንደሚገባው የሚያከራክር አይመስለንም።

ከነጋሪት እስከ ሰሌዳ

ቀድሞ የመንግሥት ቃል የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ ነበር። አዋጅ ነጋሪው ሕዝቡ በተሰበሰበበት ቦታና ቀን ይቆማል፤ የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማም ያዝዛል። መጋቢት 1934 ዓ.ም. «ነጋሪት ጋዜጣ» ሲቋቋም ስሙን ከዚሁ ከበሮ ወሰደ። ነገር ግን በዚህ ለውጥ ውስጥ አንድ ነገር ጎደለ። ከበሮው ሕዝቡ ወዳለበት ይሄድ ነበር፤ ጋዜጣው ግን ሕዝቡ ወደ እሱ እንዲመጣ ይጠብቃል። በ1937 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 74 የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ ወጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሲሆን ቀበሌ ተመሠረተ። ቀበሌው መሥሪያ ቤቱን ወደ ነዋሪው ደጃፍ አቀረበው፤ የንግግሩ አቅጣጫ ግን ብዙ አልተለወጠም፤ ከላይ የተላከለትን ወደ ታች ያስተላልፋል፣ ከታች የሰበሰበውን ቍጥር ወደ ላይ ይልካል።

ዛሬ የትንሽ ከተማ አስተዳደር ብዙ ዓይነት አፍ አለው። የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፤ በመኪና ላይ ተጭኖ የሚዞር ሞንታርቦ አለ፤ ስብሰባ አለ፤ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ አለ። የክልሉ መገናኛ ብዙኃንም ከአማርኛው «በኵር» ሌላ በኦሮሞ ቋንቋ ጋዜጣና የሬዲዮ ስርጭት አዘጋጅቷል። ስለዚህ የመሣሪያ እጦት ዋናው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ጥያቄው በእነዚህ ሁሉ አፎች የሚነገረው ምንድን ነው የሚል ነው።

ለመመዘኛ የሚሆን ጎረቤት

ሒስ መመዘኛ ይፈልጋል። እኛም መመዘኛውን ከሩቅ አገር ከምናመጣ ከጨፋ ሜዳ ላይ ብናነሣው የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ይኸውም የአፋሮች «ዳጉ» ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ወዲያው አይለያዩም፤ ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ። የት ዝናብ ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ የትኛው መንገድ ያሰጋል፣ ማን ሞተ፣ ማን ታመመ ይባባላሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ይለያል፤ ከሰማም ከማን እንደ ሰማ ይናገራል። ሐሰት የነገረ ሰው በባህሉ ይጠየቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በሐሰት ወሬ ከብቱን ወደ ደረቅ መሬት የነዳ ሰው ከብቱን ያጣል።

ከዚህ ልማድ አራት መለኪያዎችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ የወሬው ባለቤት ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ቦታውና ጊዜው ይነገራል። ሦስተኛ፣ ሰሚው ሊያደርገው የሚገባ ነገር ከወሬው ይገኛል። አራተኛ፣ ለተሳሳተ ወሬ ተጠያቂ አለ። ያልተጻፈው ዳጉ ይህን ያህል ካሟላ፣ የተጻፈው፣ ማኅተም ያረፈበትና ደመወዝ የሚከፈልበት ዜና ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይገባውም።

የአጻጻፉ ምርመራ

የማንንም መሥሪያ ቤት ቃል ሳንጠቅስ፣ በጠባዩ በየቦታው ከምናነበው ጋር የሚመሳሰል አንድ ዜና ራሳችን አዘጋጅተን እንመልከት፦ «በከተማው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አገልግሎትን ቀልጣፋና ተደራሽ ለማድረግ የተለያዩ ተግባራት እየተከናወኑ እንደሚገኙ ተገለጸ። የሚመለከታቸው አካላትም የድርሻቸውን እንዲወጡ ጥሪ ቀርቧል።»

ይህ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው በኩል ስሕተት የለበትም። በዳጉ መለኪያ ሲመዘን ግን ባዶ ነው። «ተገለጸ» የሚለው ግሥ ገላጩን ይሰውረዋል። «እየተከናወኑ እንደሚገኙ» የሚለው ሥራው መቼ እንደ ተጀመረና መቼ እንደሚያልቅ አይናገርም፤ የማያልቅ ሥራ ደግሞ አልተሠራም ተብሎ አይወቀስም። «የተለያዩ ተግባራት» የሚለው አንዱንም ተግባር በስም አይጠራም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን «የሚመለከታቸው አካላት» የሚለው ነው። ትናንት ልጅ የወለደችው እናት የሚመለከታት እሷን መሆኑን ከዚህ ቃል ልትረዳ አትችልም፤ እሷ ራሷን እናት እንጂ «አካል» ብላ አታውቅም።

በእውነቱ ግን ለዚህች እናት ሊነገር የሚገባ ብዙ ቁም ነገር ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ እንዲመዘገቡ ያዝዛል፤ ምዝገባውም ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ውሏል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ሞትና ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። በሃይማኖት ሥርዓትም ሆነ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ከምዝገባው ነጻ አይደለም። አብዛኛው ጋብቻ በኒካሕ በሚታሰርበት በዚህ አካባቢ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብቻ ራሱን የቻለ ዜና ነበር። ባሏ ሞቶባት ርስት የምትከራከር ሴት የጋብቻ ማስረጃ ስትጠየቅ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባ አባት የልደት ማስረጃ አምጣ ሲባል፣ ያለፈው 90 ቀን ወይም 30 ቀን ዋጋው ይታወቃል። ሕጉ አለ፤ ሹሙ አለ፤ መዝገቡም አለ። የጎደለው ይህን ሁሉ ከነዋሪው ጋር የሚያገናኘው አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ነው።

ያው ዜና እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ምን ይጎድለው ነበር? «ልጅ የወለዳችሁ ሁሉ፣ ልጃችሁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በምትኖሩበት ቀበሌ ቀርባችሁ አስመዝግቡ። በኒካሕ ወይም በሽማግሌ የተጋባችሁም በ30 ቀን ውስጥ ጋብቻችሁን አስመዝግቡ። መዝጋቢው የሚገኘው በእነዚህ ቀናትና ሰዓቶች ነው፤ ይዛችሁ የምትመጡትም ይህን ይህን ነው። ካልተስተናገዳችሁ አቤት የምትሉት ለእገሌ ነው።» ይህ አጻጻፍ ውበት የለውም ሊባል ይችላል። ነገር ግን በገበያ ሊነበብ፣ በኦሮሞ ቋንቋ ያለ ችግር ሊመለስና ከጆሮ ወደ ጆሮ ሳይበላሽ ሊተላለፍ ይችላል። የመጀመሪያውን ዜና ወደ ኦሮሞ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ግን ባዶውን በባዶ ከመተካት በቀር ምርጫ የለውም።

ሁለተኛው የአጻጻፍ ጠባይ የመቶኛ ፍቅር ነው። ከዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ ተፈጸመ የሚል ዜና በየጊዜው ይነበባል። ዕቅዱ ስንት እንደ ነበረ ካልተነገረ በመቶኛው ምንም አይለካም። አሥር የውሃ ቦኖ ታቅዶ ዘጠኝ ቢሠራም፣ አንድ መቶ ታቅዶ ዘጠና ቢሠራም 90 በመቶ ነው። ነዋሪው ማወቅ የሚፈልገው ግን በእሱ ሰፈር ያለው ቦኖ በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚሰጥ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

በዚህ ሒስ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ይነሡ ይሆናል። የመጀመሪያው፣ ጸሐፊው ሠራተኛ የሚመዘነው በሚያቀርበው ሪፖርት ስለሆነ እንዲህ ቢጽፍ አይፈረድበትም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ክሳችንን ግን አያፈርሰውም፣ ይልቁንም ያጸናዋል። ሪፖርትና ዜና ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ሪፖርት ሥራው ስለ መሠራቱ ለአለቃ የሚቀርብ ምስክርነት ሲሆን፣ ዜና ነዋሪው እንዲጠቀምበት የሚሰጥ ዕውቀት ነው። ጉድለቱ አንዱ ወረቀት ለሁለቱም ጉዳይ እንዲያገለግል መደረጉ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሳይጠየቁ ስለሚሰጡት አገልግሎትና ስለ አቤቱታ አቀራረብ እንዲያሳውቁ ግዴታ ሲጥል፣ ይህን ልዩነት አስቦ ይመስለናል።

ሁለተኛው መቃወሚያ፣ ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ ስለሚገኝ የሰሌዳና የገበያ ነገር ያለፈበት ነው የሚል ነው። ለዚህ መልሱን የሰጠው የራሱ የዘመኑ ታሪክ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ዜናውን በገጹ ላይ ብቻ ያኖረ አስተዳደር ሁሉ ዲዳ ሆነ ማለት ነው። ገበያው ግን አልጠፋም። የሰንበቴ ገበያ እሑድ፣ የባቲ ገበያ ሰኞ እንደሚውል የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚተሳሰርበት ቅሬ አለ፤ ለቀብር ሕዝብን በአንድ ቀን የሚሰበስብ ድርጅት አንዲት የ90 ቀን ቀነ ገደብ ማድረስ አይሳነውም። ቀነ ገደብ ሲወሰንም የቀን ቍጥር ብቻ ሳይሆን በመካከሉ ስንት የገበያ ቀን እንዳለ ቢታሰብ መልካም ነው።

ነገሩ የሚያስከትለው አደጋ

አንባቢ ይህን ሁሉ የቃላት ክርክር አድርጎ እንዳይቈጥረው አንድ ነጥብ እንጨምራለን። ይህ አውራ ጎዳና የሚያልፍባቸው ከተሞች ጎረቤት ከጎረቤት የተጋጨበትን ክፉ ጊዜ አይተዋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው የደረሰው የሕይወትና የንብረት ጥፋት ከማንም አልተሰወረም። የዚያ ጥፋት ምክንያት ብዙ ነው፤ በማስታወቂያ አጻጻፍ ብቻ ይመለስ ነበር ማለት የዋህነት ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ ባለ ቦታ የመሥሪያ ቤት ዝምታ ባዶ ሆኖ አይቀርም። መሥሪያ ቤቱ ያልነገረውን አሉባልታ ይናገረዋል። በሰላሙ ቀን ስለ ውሃውና ስለ መዝገቡ ግልጽና እውነተኛ ቃል ያልለመደ ነዋሪ፣ በክፉ ቀን «ተረጋጉ» የሚለውን ቃል የሚያምንበት ምክንያት የለውም። መታመን በትንሽ ነገር ይጠራቀማል፤ የሚፈለገው ግን በትልቅ ነገር ቀን ነው።

ማጠቃለያ

የአስተዳደር ዜና ከመውጣቱ በፊት በአራት ጥያቄዎች ይፈተን እንላለን። ማን ይናገራል? የትና መቼ? ሰሚው ምን ያድርግ? ካልሆነለት ለማን አቤት ይበል? እነዚህን የማይመልስ ጽሑፍ ወደ በላይ አካል ይላክ እንጂ በሰሌዳ ላይ አይለጠፍ። የሚለጠፈውም በሁለቱም ቋንቋ ይለጠፍ፤ በገበያ ቀንም ይነበብ።

ለእኛ ለተማሪዎችም የሚቀር ሥራ አለ። እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ ትውልድ ከተማችን ስንሄድ በሰሌዳ ላይ ያገኘነውን ማስታወቂያ ቃል በቃል ብንገለብጥ፣ ቀኑንና ቋንቋውን ብንመዘግብ፣ ካነበቡትም ሰዎች ምን እንደ ተረዱ ብንጠይቅ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለብዙ ከተሞች ማነጻጸሪያ የሚሆን ስብስብ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የቆመው ልማዱን በመተቸት ላይ ነው፤ ያ ስብስብ ግን ትችቱ የት ልክ እንደ ሆነና የት እንዳለፈ ከተማ በከተማ ለማሳየት ይችላል።