የበሬው ዋጋ የት ገባ? ስለ ውጭ አገር ሥራ በሚቀርቡ ተውኔቶች ላይ አጭር ሂስ

ኪነ ጥበብ የኑሮ መስተዋት ነው የሚለው አባባል በየመድረኩ ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ የተዘነጋ ይመስላል። እንባን ማሳየት ቀላል ነው፤ የእንባውን ምንጭ ማሳየት ግን የደራሲ ሥራ ነው።

ከፈረስ ቤት እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ በትምህርት ቤት ክበባትና በአማተር የኪነት ቡድኖች ከሚዘወተሩት ርእሶች አንዱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድ ነው። የተውኔቶቹ ሴራ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ወጣቷ ትምህርቷን ታቋርጣለች፤ ደላላ ያታልላታል፤ ትሄዳለች፤ ትሠቃያለች፤ መጋረጃው በለቅሶ ይዘጋል። ተመልካቹም ያለቅሳል፤ በማግሥቱ ግን ልጁን ፓስፖርት እንድታወጣ ይሸኛል። ይህ ለምን ይሆናል?

በመሠረቱ ተመልካቹ ተውኔቱን አላመነውም። በመድረኩ ላይ ወጣቷ ሞኝ ወይም ገንዘብ ወዳድ ተደርጋ ትቀርባለች። እርሱ ግን የቤተሰቡ ማሳ ለልጆች እየተሸነሸነ ማነሱን፣ የጎረቤቱም ልጅ በላከችው ገንዘብ የቆርቆሮ ቤት መሠራቱን ያውቃል። ቆርቆሮው ከተውኔቱ ይልቅ አሳማኝ ሆኖ ያገኘዋል። ምክንያቱን የነፈግነው ገፀ ባሕርይ ሰው መሆኑ ይቀርና የምክር ማስተላለፊያ ይሆናል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የሚጀምረው በዚሁ አካባቢ፣ በማንኩሳ ነው። በዛብህ ከማንኩሳ ወደ ዲማ፣ ከዲማም ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አንድ ክፉ ሰው ስላሳሳተው አይደለም። የወላጆቹ ስለት፣ የቤተ ክህነት ትምህርትና የመደብ ልዩነት ደረጃ በደረጃ እየገፉት ነው። ፊታውራሪ መሸሻም ቢሆኑ ያሳደጋቸው ሥርዓት ውጤት ሆነው ነው የቀረቡልን። አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ ከሰውየው አልፎ ሥርዓቱን የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የዛሬው ጉዞ ሥርዓት ደግሞ ወረቀት ላይ ሠፍሯል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባትና ይህን ለመሳሰሉት ነው። እንግዲህ «ለቪዛው» ተብሎ አባት በሬውን ከሸጠ፣ የበሬው ዋጋ የት ገባ? ይህች አንዲት ጥያቄ መድረክ ላይ ብትነሣ ከአሥር ለቅሶ ይልቅ አዳራሹን ታነቃንቅ ነበር። አባት፣ ልጅ፣ ደላላ፣ ኤጀንሲና የቀበሌ ሹም በአንድ ውል ዙሪያ ተቀምጠው ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ማንስ ምን እንደሚደብቅ ቢታይ ከዚህ የበለጠ ግጭት ከየት ይመጣል?

ሌላም አለ። በሌባኖስና በበርካታ የባሕረ ሰላጤው አገሮች «ከፋላ» የተባለው አሠራር፣ በአንዳንዶቹ ማሻሻያ ቢደረግበትም፣ የሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራል። ከቤቱ ስትወጣ በዳይዋ ሳይሆን እርሷ ሕግ ተላላፊ ትሆናለች። በቅኔው አገር ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ ደላላው ሰሙ ነው፤ ወርቁ ያለው ውሉ ውስጥ ነው። የኛ ተውኔቶች ግን ሰሙን ይዘው ቀርተዋል።

«ሕግ ለመድረክ ይደርቃል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በሌላ በኩል «አትሂዱ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል እንደሚጓዝ ታሪክ አሳይቶናል። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ስምሪት አገደ፤ በዚያው ዓመት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቢቆይም በጅቡቲና በየመን በኩል የሚደረገው ጉዞ አልቆመም። እገዳ ያልመለሰውን ሰው የመድረክ ተግሣጽ ይመልሰዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ስለዚህ ጸሐፌ ተውኔቱ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ውሉን ማንበብ፣ መምህሩም ለክበቡ ተውኔት ሲመርጥ ከለቅሶው ይልቅ ጥያቄውን መመዘን ይኖርበታል። ካድሬውም ተውኔት የስብሰባ ማሟሟቂያ እንዳልሆነ ሊረዳ ይገባል። ልጅቱ ብትሄድም ብትቀርም፣ የምትፈርምበትን ወረቀት አውቃ እንድትፈርም ወይም አውቃ እንድትተው ያስቻለ ተውኔት ተግባሩን ፈጽሟል።