ውኃ የእግዚአብሔር ነው፤ ቧንቧ ግን የሰው ነው

ዝናም ከሰማይ ሲወርድ የባለጠጋውን ጣራ ከድኻው ጣራ አይለይም። ውኃው ወደ ቧንቧ ከገባ በኋላ ግን በር እየመረጠ ይገባል። ማዳላትን የተማረው ከእኛ ነውና ነቀፋው የሚገባው ለእኛ ነው።

የአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ ታሪክ የሚጀምረው በ1880ዎቹ ዓ.ም. የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውኃ በሳበ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ገፈርሳ፥ ለገዳዲና ድሬ ተገደቡ፤ ቧንቧውም ወደ ሕዝቡ ሰፈር ደረሰ። ይሁን እንጂ ለሁሉ እኩል አልደረሰም። በአንዱ ቤት ውኃው ከማድ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ይፈሳል፤ ፈረቃው ባለፈም ጊዜ ሮቶ ሙሉ ውኃ ይጠብቀዋል። በሌላው ግቢ ብዙ ቤተ ሰብ አንድ ቧንቧ ይጋራል። ይህም ያልተገኘለት ከጎረቤት በጄሪካን ይገዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ግፍ አለ። የውኃ ታሪፍ ጥቂት የሚጠቀም በርካሽ፥ ብዙ የሚጠቀም በውድ እንዲከፍል በደረጃ ተከፍሏል። አሳቡ ለድኻ የታሰበ ነውና መልካም ነው። ነገር ግን ቆጣሪ የሚቈጥረው ውኃን እንጂ ሰውን አይደለም። ለምሳሌ ስድስት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ቢጠቀሙ፥ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ቢቀዳም፥ ድምሩ የአንድ አባካኝ ቤት ይመስልና ወደ ውዱ ደረጃ ይሻገራል። በጄሪካን የሚገዛውማ የሻጩን ትርፍ ጭምር ይከፍላል። እንግዲህ ለድኻ የታሰበው ርካሽ ዋጋ የሚደርሰው የብቻ ቆጣሪ ላለው ሰው ነው ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ በደረሰኝ የማይጻፍ ዋጋ አለ። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ ይህንንም የሚሸከመው ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ የሴት ወይም የልጅ ጀርባ ነው። ወረፋ ስትጠብቅ ትምህርት ያመለጣትን ልጅ ያን ሰዓት የሚመልስላት የለም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጹ፥ የአገር አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ ማድረግን የመንግሥት ዓላማ አድርጎታል። አቅም ማነስ እውነት ነው። እጥረቱ ሁላችንን እኩል ቢያስጠማን ኖሮ ምክንያቱ በበቃ ነበር። አንዱ በቧንቧ ውኃ መኪናውን እያጠበ ሌላው ለመጠጥ የሚሰለፍ ከሆነ ግን ነገሩ የአቅም መሆኑ ይቀርና የፍርድ ይሆናል።

ስለዚህ ታሪፍ አውጪው ከቆጣሪው ኋላ ስንት ቤተ ሰብ እንዳለ አስቀድሞ ይቍጠር። ባለ ቧንቧም ለጎረቤቱ ሲያቀዳ በከፈለበት ዋጋ ያቅዳ። በውኃ ጥም ያተረፈ ሰው ያተረፈው በጎረቤቱ ነፍስ ነውና።