መስቀለኛው ሰሌዳና የአይጥ ፍርሃት

የአይጥን ፍርሃት በቁጥር ለመለካት ከተፈለሰፉት መሣሪያዎች መካከል እንደ መስቀለኛው ሰሌዳ በቀላሉ የሚሠራ ጥቂት ነው። ከወለሉ 50 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚቆም፣ አራት ክንድ ያለው ጣውላ ነው፤ ሁለቱ ክንዶች በግድግዳ ተከልለዋል፤ ሁለቱ ገላጣ ናቸው። አይጢቱ ከመሐል ተቀምጣ 5 ደቂቃ ትታያለች፤ በገላጣው ክንድ ብዙ ከቆየች ፍርሃቷ ቀንሷል ተብሎ ይጻፋል። ፔሎውና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1985 አሠራሩን መርምረው ካሳተሙ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል።

ነቀፌታዬ በጣውላው ላይ አይደለም፤ በጣውላው ላይ በተጣለው እምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ክራብ፣ ዋልስተንና ዱዴክ የተባሉት ሊቃውንት ዘራቸው አንድ የሆነ አይጦችን፣ በተመሳሳይ መሣሪያና በተመሳሳይ ሥርዓት፣ በሦስት ከተሞች ቢፈትኑ ውጤቱ ከከተማ ከተማ ተለያየ፤ በተለይም በዚሁ መስቀለኛ ሰሌዳ ላይ። እንግዲህ ቁጥሩን የሚወልደው ሰሌዳው ብቻ ሳይሆን ክፍሉ፣ ብርሃኑና የያዣው እጅ ጭምር ነው ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዘርፈው የቤተ ሙከራ ዕቃ ወድሞ ነበር። እንዲህ ያለውን መሣሪያ እዚሁ መሥራት ይቻላል፤ ሕክምናው ደሴ፣ ምሕንድስናው ኮምቦልቻ፣ በመካከሉ ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ነው። ነገር ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ወረቀት ርዝመትና ወርድ ብቻ የያዘ እንደ ሆነ ሥራው ከንቱ ይሆናል። ያልተቀባ ጣውላ ሽንት ይመጣል፤ ተከታይዋ አይጥ የቀዳሚዋን ሽታ ታገኛለች። የሚያብለጨልጭ ቀለም ብርሃን ይመልሳል። በመስኮት ፀሐይ የሚሠራ ሰው ደግሞ የጧቱንና የቀትሩን አይጦች ባያወዳድር ይሻለዋል።

ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው የውሃ ገንዳማ በደሴ ብርድ የባሰ ነው፤ ውሃው ካልሞቀ ትንሿ አይጥ ትደነዝዛለች፤ መደንዘዟም መርሳት ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ባርንስ እ.ኤ.አ. በ1979 የገለጸችው ቀዳዳ ያለው ክብ ጠረጴዛ ውሃ አይፈልግም፤ ለእኛ አገር ደጋ እርሱን እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ ለአይጥ ታስቦ አይደለም። ስለ አንድ የባህል መድኃኒት «ጭንቀት ያስታግሳል» ተብሎ ሲታተም ቃሉን አምኖ የሚጠጣ በሽተኛ አለ። ቅጠሉ አይጢቱን የሚያቅበጠብጣት ቢሆን ግን ፍርሃቷ ሳይቀንስ በገላጣው ክንድ ትሮጣለች፤ ስለዚህ ወደ ተከለለው ክንድ የገባችበትም ቁጥር አብሮ ይጻፍ። ከማናቸውም ቅጠል በፊትም ጭንቀት በማስታገሥ የታወቀው ዲያዜፓም በተገቢው መጠን ይሰጣት። በገላጣው ክንድ የምትቆይበትን ጊዜ ካላረዘመው ክፍሉና ብርሃኑ ይመርመሩ፤ ከዚያም ጥፋቱ ካልተገኘ ክንዶቹ ተፈትተው ወደ ኮምቦልቻ ይመለሱ።