ውዳሴ ለአህ ጺብ፣ ለማያ ጸሐፊ

አህ ጺብ ሆይ! በነገሥታት ደጅ ተቀምጠህ ቀለምህን በዛጎል ስባሪ የበጠበጥህ፣ የሾላ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ልጥ ልጠህ፣ ቀጥቅጠህ፣ በኖራ አለስልሰህ፣ እንደ ሰንሱል የሚታጠፍ መጽሐፍ ያበጀህ፣ የማያ ሕዝብ ጸሐፊ፣ የቀናት ዘበኛ፣ የስሞች ባላደራ ሆይ! ክብር ለአንተ ይገባል። መጽሐፍህን እሳት በላው፤ እጅህን ግን አልነካትም፤ ይህ ውዳሴም የእጅህ ነው።

ንጉሥ ሲወለድ የተወለደባትን ቀን፣ ዙፋን ሲይዝ የያዘባትን፣ ሲማርክ የምርኮኛውን ስም በድንጋይ ያሰፈርህ አንተ ነህ። ዓመቱን ሃያ ሃያ ቀን ባላቸው 18 ወራት ከፍለህ፣ የተረፉትን አምስት ቀናት ለብቻቸው ያቆምህ አንተ ነህ። (ጳጉሜን ላለን ለእኛ ይህ ለጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ማያዎች ግን እነዚያን አምስት ቀናት ይፈሯቸው ነበር።) ባዶን ቁጥር አድርገህ በምልክት የጻፍህ፣ የአጥቢያ ኮከብን ዙር 584 ቀን ብለህ የያዝህ፣ አምስቱ ዙር ከስምንት የፀሐይ ዓመት ጋር በ2,920 ቀን እንደሚገጥም ዐውቀህ፣ ዛሬ በጀርመን አገር በድሬስደን ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው መጽሐፍ ላይ ስሌቱን በቀይና በጥቁር ቀለም የደረደርህ አንተ ነህ። ሰማዩን የሚያቀርብ መነጽር አልነበረህም፤ ዓይንህ፣ አባቶችህ ያቆዩልህ መዝገብና ትዕግሥትህ በቁህ።

ከዚያ የመከራው ዘመን መጣ። ከዚህ በታች ቀናቱም ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1524 ስፔናዊው ፔድሮ ዴ አልቫራዶ በጓቴማላ ደጋ የማያ ወገን የሆኑትን የቂቼዎችን መናገሻ ኡታትላንን አቃጠለ። በ1542 በዩካታን ስፔናውያን ቲሆ በምትባለው የማያ ከተማ ፍርስራሽ ላይ ሜሪዳን መሠረቱ፤ የመቅደሶችህን ጥርብ ድንጋይ እያነሡ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቆሙበት። በ1562 ደግሞ በማኒ ከተማ አቅራቢያ በዋሻ ውስጥ ጣዖታት ተገኙ ተብሎ ምርመራ ተጀመረ። መርማሪው የፍራንሲስካውያን መነኮሳት አለቃ ዲዬጎ ዴ ላንዳ ነበር። ሰዎች እጃቸው በገመድ ታስሮ ወደ ላይ ተንጠለጠሉ፤ በእግራቸው ድንጋይ ታሰረ፤ በትኩስ ሰም ተለበለቡ። በኋላ በተሰበሰበው ምስክርነት ከ150 በላይ ሰዎች በዚያ ስቃይ ሞተዋል። ሐምሌ 12 ቀን በማኒ አደባባይ እሳት ነደደ፤ በሺህ ከሚቆጠሩ ምስሎች ጋር 27 መጻሕፍት እንደ ተቃጠሉ ተመዝግቧል። ላንዳ ራሱ፣ መጻሕፍቱ ሲቃጠሉ ሕዝቡ እጅግ አዘነ፣ ተጨነቀም ብሎ ጽፏል፤ ሐዘኑን ያየ ዓይን እሳቱን አላጠፋም።

ከዚያ ሁሉ መጻሕፍት ለእኛ የደረሱት አራት ናቸው። ሦስቱ ባሕር ተሻግረው በድሬስደን፣ በማድሪድና በፓሪስ አሉ፤ አራተኛው በሜክሲኮ ከተማ ነው። የአንድ ሥልጣኔ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ሰው ብብት ሊያዝ ይችላል ማለት ነው።

ነገር ግን አህ ጺብ ሆይ፣ ጥበብህ የተገለጠው ከእሳቱ በኋላ ነው። ላንዳ ተከስሶ ወደ ስፔን በተመለሰ ጊዜ፣ በ1566 ገደማ፣ ስለ ዩካታን የሚተርክ መጽሐፍ ጻፈ፤ በዚያም የማያ ፊደል ያለውን ዝርዝር አኖረ። ከጎኑ ሆነው የነገሩት የማያ ልሂቃን ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ጋስፓር አንቶኒዮ ቺ የሺዩ ነገሥታት ዘር፣ ማያ፣ ስፓኒሽና ላቲን ዐዋቂ ነበር። ላንዳ የሚያስበው በአገሩ ሥርዓት ነው፤ ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል። አንተ የምትጽፈው ግን ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድ ምልክት አዋሕደህ ነው፤ ፊደል የቆጠረ የእኛ አገር ሕፃን «ባ» እና «ካ» ሲል እንደሚያደርገው። መነኩሴው የስፔን ፊደል ስም እየጠራ «ቤ» ሲልህ፣ አንተ «ቤ» የሚለውን ምልክት፣ ባለ እግር ኮቴውን የመንገድ ምልክት ጻፍህለት። ወጥመድ የሚለውን ቃል «ሌ»ን ጻፍልኝ ብሎ «ኤሌ፣ ኤ፣ ሌ» ብሎ ፊደል ሲቆጥርልህ፣ አንተ የሰማኸውን ሁሉ አንድ ሳታጎድል «ኤ-ሌ-ኤ-ሌ» ብለህ ጻፍህለት። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ ባለህ ጊዜ ደግሞ «ማ ኢን ካቲ» ብለህ አኖርህ፤ «አልፈልግም» ማለት ነው። ላንዳም ይህን በምሳሌነት መጽሐፉ ላይ አሰፈረው!

አንዳንድ ጸሐፊዎች ላንዳን «ያጠፋውም እሱ፣ ያቆየውም እሱ» እያሉ በአንድ እጅ ይነቅፉታል፣ በሌላው ይሸልሙታል። እኔ ሽልማቱን አልሰጠውም። ያ ገጽ የመነኩሴው ስሕተትና የጸሐፊው ታማኝነት የተገናኙበት ነው፤ የወደፊቱን ዓለም የጠቀመውም ታማኝነቱ ነው። የጠየቁህን ሳታዛባ በትክክል መለስህ፤ ጥያቄው ጠማማ ስለ ነበር መልስህ ለአራት መቶ ዓመት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ።

ደግሞም በአሸናፊው ፊደል አሸናፊውን የተሟገትህ አንተ ነህ። ገና 1567 ሳያልቅ የማኒ ሹማምንት፣ ፍራንሲስኮ ዴ ሞንቴሆ ሺዩ የተባለውን ጨምሮ፣ ለንጉሥ ፊሊጶስ ዳግማዊ ደብዳቤ ላኩ፤ መነኮሳቱ ያደረሱባቸውን ስቃይ አንድ በአንድ ዘርዝረው ከሰሱ። መጽሐፋቸው ከተቃጠለ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም። በየመንደሩ የማያ ጸሐፊዎች ኑዛዜ፣ የመሬት ውል፣ የድንበር ክርክር በራሳቸው ቋንቋ፣ በላቲን ፊደል ይጽፉ ነበር። ስፔናውያን ለአስተዳደር ብለው የሰጡትን ብዕር ለርስት ጥበቃ አዋሉት፤ ከዚያ ዘመን የቀሩት የመሬት ወረቀቶች ዛሬም የመንደሮቹን ወሰን ይናገራሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ፖፖል ዉህ የተባለው መጽሐፍ! ኡታትላን ከተቃጠለች ከሦስት ዐሥርት ዓመት በኋላ፣ በ1550ዎቹ፣ ስማቸውን ያልጻፉ የቂቼ ጠቢባን የዓለምን አፈጣጠር፣ የመንትዮቹን ጀግኖች ጉዞ ወደ ሙታን አገር፣ ከበቆሎ የተበጀውን ሰውና የነገሥታታቸውን ትውልድ በላቲን ፊደል ጻፉ። በክርስትና ዘመን ሆነው እንደሚጽፉ፣ የቀደመው መጽሐፍ ከእንግዲህ እንደማይታይ በመግቢያቸው ተናገሩ፤ ከዚያም ሰማይና ባሕር ብቻ ከነበሩበት ዝምታ ትረካቸውን ጀመሩ። የቋንቋቸውን ቅ፣ ጥ፣ ጭ እና ጽን የመሰሉ ጥብቅ ድምፆች የሚይዝ ፊደል ላቲን አልነበረውም፤ ለእነርሱ አዳዲስ ምልክቶች የፈጠረው ፍራንሲስኮ ዴ ላ ፓራ የተባለ መነኩሴ ነው። በ1701 እና በ1703 መካከል በቺቺካስቴናንጎ ደብር ያገለግል የነበረው ዶሚኒካዊው ፍራንሲስኮ ሂሜኔዝ ጽሑፉን አግኝቶ፣ ቂቼውን በአንድ ዓምድ፣ ስፓኒሹን በጎኑ አድርጎ ገለበጠው፤ ዛሬ በቺካጎ በኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የእርሱ ግልባጭ ነው። ለዚህ መነኩሴ ምስጋናውን አልነፍገውም፤ የሰውን ቃል ከራሱ ቃል እኩል ስፍራ ሰጥቶታልና።

በዩካታን ደግሞ ቺላም ባላም የሚባሉት መጻሕፍት ነበሩ። ትንቢት፣ የዘመን ቆጠራ፣ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ከአውሮፓ የመጣ ተረት ሳይቀር በአንድ ጥራዝ ይሰበስባሉ። የመንደር ጸሐፊዎች ወረቀቱ ሲያረጅ በአዲስ ወረቀት እየገለበጡ፣ የየዘመናቸውን ነገር እየጨመሩ ከአባት ለልጅ አሳለፏቸው፤ የቹማዬል መንደር የሆነውን በ1782 ያዘጋጀው ሁዋን ሆሴ ሆይል ነው። በብዕር ብቻም አልነበረም፤ በፔቴን ሐይቅ ላይ ያለችው የኢትሳዎች ከተማ ኖህፔቴን በመጋቢት 1697 እስክትያዝ ድረስ አንድ የማያ መንግሥት ለስፔን ሳይገብር ኖረ፤ ሜሪዳ ከተመሠረተች 155 ዓመት አልፎ ነበር።

አሁን ስለ አንባቢዎችህ እንናገር፤ ጸሐፊ ያለ አንባቢ ግማሽ ነውና። በ1880ዎቹ በድሬስደን ቤተ መጻሕፍት ኤርንስት ፎርስቴማን ቁጥሮችህንና የአጥቢያ ኮከብ ሰሌዳህን ፈታ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን በቁጥሩ ፍቅር ወድቀው ቀሩ፤ የሃያኛው ምእት ዓመት ታላቅ ሊቅ እንግሊዛዊው ኤሪክ ቶምፕሰን በድንጋዮችህ ላይ ጊዜን የሚያመልኩ ካህናት እንጂ ሰው፣ ታሪክ፣ ጦርነት አላየም። ፊደሎችህም ድምፅ ሊሆኑ እንደሚችሉ አልተቀበለም። የላንዳን ዝርዝር ከንቱ ነው ብለው የተዉት ብዙዎች ነበሩ።

ከሌኒንግራድ ግን አንድ ሰው ተነሣ። ዩሪ ክኖሮዞቭ በ1922 በካርኪቭ አቅራቢያ የተወለደ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወጣት ነበር። (ከሚነድ የበርሊን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ነጥቆ አወጣ የሚባለውን ወሬ በኋላ ራሱ አስተባብሏል፤ ወሬው ግን ከእርሱ ዕድሜ በላይ ኖረ።) በጓቴማላ የታተመውን የማያ መጻሕፍት ቅጂና የላንዳን ገጽ ፊት ለፊት አስቀምጦ መረመረ። በመጽሐፍህ የተርኪ ዶሮ ምስል በላይ ሁለት ምልክት አየ፤ የመጀመሪያው «ኩ»፣ ሁለተኛው «ትሱ» ተባለ፤ ባንድ ላይ «ኩትስ»፣ ተርኪ በማያ ቋንቋ። በውሻው ላይ ያው «ትሱ» ከፊት ሆኖ ተገኘ፤ «ትሱል» ውሻ ማለት ነው። ምልክቱ ከአንድ ቃል ወደ ሌላ ቃል ተሻገረና በሁለቱም ትክክል ሆነ። በ1952 ይህን አሳተመ። ቶምፕሰን የቀዝቃዛው ጦርነት ፖለቲካ አድርጎ ተቃወመው፤ እስከ ሞተበት እስከ 1975 አልተቀበለውም። ክኖሮዞቭ የማያን ምድር በእግሩ የረገጠው በ1990 ነው። መንገዱን የሄደው በአንተ «ኤ-ሌ-ኤ-ሌ» ነው፤ ያኔ ለመነኩሴው የነገርኸውን ሰምቶ እንደ ነገርኸው ወሰደው።

ደግሞም ታቲያና ፕሮስኩሪያኮፍ ሆይ! በቶምስክ ተወልደሽ በአሜሪካ ያደግሽ፣ የሕንፃ ንድፍ ተምረሽ ሥራ አጥተሽ የፈራረሱ መቅደሶችን በብዕርሽ መልሰሽ ያቆምሽ፤ በኡሱማሲንታ ወንዝ ዳር ባለችው በፒየድራስ ኔግራስ የድንጋይ ሐውልቶቹ በየመቅደሱ ፊት በቡድን በቡድን እንደ ቆሙ ልብ አልሽ። በእያንዳንዱ ቡድን መጀመሪያ በሠገነት የተቀመጠ ሰው አለ፤ የተቀመጠባት ቀን ጥርሱን ያመመው ይመስል ፊቱ በጨርቅ በታሰረ ምልክት ትታያለች፤ ከዚያ በፊት ያለችው ቀን ደግሞ ፊቷን ወደ ላይ ባቀናች እንቁራሪት። የአንዱም ቡድን ዘመን ከሰው ዕድሜ አይበልጥም። እንቁራሪቷ ልደት፣ የታሰረው ፊት ንግሥና ሆነ። ረጅም ቀሚስ የለበሱትንም ካህናት ሲሏቸው አንቺ ሴቶች፣ እመቤቶች መሆናቸውን አሳየሽ። በ1960 በተደረደረ ማስረጃ ድንጋዮቹን ከኮከብ ቆጠራ ወደ ሰው ታሪክ መለስሻቸው፤ ቶምፕሰንም ለአንቺ እጁን ሰጠ።

በ1973 በፓሌንኬ ሊንዳ ሼሌ፣ ፒተር ማቲውስና ፍሎይድ ላውንስበሪ የዚያችን ከተማ ነገሥታት ተራ በተራ በስም ጠሩ። አልቤርቶ ሩዝ በ1952 በፒራሚዱ ሆድ ያገኘው መቃብር ባለቤቱን አገኘ፤ ከ615 እስከ 683 የነገሠው ቂኒች ሃናብ ፓካል። ስሙን አንድ ጊዜ በጋሻ ምስል፣ ሌላ ጊዜ «ፓ-ካ-ላ» ብለህ በሦስት ፊደል ጽፈኸው ነበር፤ ይኸንንም ግእዝ ፊደል የሚያነብ ሰው ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

አህ ጺብ ሆይ! ልጆችህ ግን የፈረንጅ ሊቅ እስኪያነብላቸው አልተቀመጡም። ከ1960 እስከ 1996 በጓቴማላ በነበረው ጦርነት ከ200,000 በላይ ሰው ሞቷል ወይም ጠፍቷል፤ የእውነት አጣሪው ኮሚሽን ማንነታቸውን ከለያቸው ሰለባዎች 83 ከመቶ ማያዎች ናቸው። ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ በ1990፣ የጓቴማላ የማያ ቋንቋዎች አካዳሚ በሕግ ተቋቋመ። ቂቼ፣ ማም፣ ካቅቺኬልና ቅኤቅቺ ተናጋሪ መምህራን ከሊንዳ ሼሌና ከባልደረቦቿ ጋር በዐውደ ጥናት ተቀምጠው የአያቶቻቸውን ምልክት ተማሩ፤ ተምረውም አስተማሩ። ዛሬ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ የማያ ቋንቋዎች በሚሊዮኖች አፍ ይነገራሉ፤ ወጣቶችም የልደታቸውን ቀን፣ የመንደራቸውን ስምና የመጽሔታቸውን ርእስ በአንተ ፊደል ይጽፋሉ። ላንዳ ጻፍልኝ ባለህ ጊዜ የመለስኸውን «አልፈልግም» አሁን የሚጽፍ ሰው ቢኖር፣ ፈቃዱ የራሱ፣ ፊደሉ የራሱ፣ አንባቢውም የራሱ ወገን ነው፤ ለእርሱም ለአንተም ክብር ይሁን።